ቆቃን ደለል እየበላው ነው

የተከበራችሁ የአዳማ ነዋሪዎች፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወጣቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

የተጠራሁት ስለ ችግኝ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። ግን አስቀድሜ ቆቃን ላንሳ፤ ሆዴን የበላኝ እሱ ነው።

አዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። 43 ሜጋ ዋት ኃይሉ ዛሬ ትንሽ ይመስላል፤ ያኔ ግን አዲስ አበባን ያበራ ነበር። አዋሽ 2 እና 3 የሚባሉት ማመንጫዎችም ያንኑ ውሃ ከታች ተቀብለው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። የወንጂ ሸንኮራም፣ የእኛ ቧንቧም ከዚያው ነው። ፍሎራይድ ያለበት የጉድጓድ ውሃ ጥርሳችንን ያበለዘን ሰዎች ዋጋውን እናውቀዋለን።

ልጅ ሆኜ አጎቴ ቆቃ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። አንድ ቀን ረጅም ዘንግ ሰጠኝና «እስቲ መሬቱን ንካ» አለኝ። ከጀልባው ጎንበስ ብዬ ክንዴን እስከ ብብቴ ውሃ ውስጥ ከተትኩ፤ መሬቱን አልነካሁም። «አንተ ሞኝ!» ብሎ ሳቀብኝ። አምና እዚያው ሄድኩ። አጎቴ የለም፤ ጀልባውን የያዘው ልጁ ነው። ዘንጉን ለምኜ ሰደድኩት። ግማሹ እንኳ ሳይገባ ጭቃ ውስጥ ተተከለ። ልነቅል ስታገል ልገለበጥ ምንም አልቀረኝ። የአጎቴ ልጅ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ጭቃው የማን ነው? የላይኛው አዋሽና የሞጆ ገበሬ አፈር ነው። ዝናቡ ከተራቆተ ማሳ አጥቦ ያመጣዋል፤ ግድቡ ውስጥ ውሃው ሲረጋ ይሰፍራል። የውሃው ቦታ ጠበበ ማለት ነው። በክረምት ቶሎ ይሞላል፣ ሲለቀቅ የታችኛውን ሰው ጎርፍ ያሰጋዋል። በጋ ላይ ደግሞ ውሃው ያንሳል።

እኛስ ምን እናደርጋለን? አስፋልት ዳር ችግኝ ተክለን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ለስላሳ ጠጥተን ወደ ቤት! የአምናው ችግኝ የት አለ? ተመልሶ አንድ ጆግ ውሃ ያጠጣ እጁን ያውጣ! አያችሁ? ፍየል በላው! አፈሩ ከላይ እየተናደ እኛ እዚህ ለካሜራ እንቆፍራለን! እርከን የሚሠራውን ገበሬ ለብቻው ትተን ውሃ ጠፋ ብለን የምንጮኸው በየትኛው አፋችን ነው?

የፋብሪካ ፍሳሽም አለ፣ እምቦጭም አለ። እነሱ ሌላ ቀን ይፈልጋሉ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አይሱዙ እዚሁ በር ላይ ይቆማል። የምንሄደው ወደ ላይ፣ ወደ ሞጆ በኩል ነው። ዶማ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ።

አመሰግናለሁ።