ወደ ሎክ ካትሪን ብቻዬን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ግላስጎው 11 ዓመት ኖርኩ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፤ በቃ። ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ቆሎዬን ቋጥሬ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዤ ወደ ሎክ ካትሪን ሐይቅ ብቻዬን ተነሣሁ።

ባቡሩ ላርበርት ላይ ቆመ። ጄምስ ብሩስ የተቀበረው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ድረስ ዘልቆ ምንጩን ያየው ስኮትላንዳዊ። እሱ የእኛን ውሃ ብሎ ያን ሁሉ አገር አቋርጧል፤ እኔ ልጆቼን የማጠጣውን ውሃ መነሻ ሳላይ 11 ዓመት መቀመጤ ቆጨኝ። የግላስጎው ውሃ ከዚህ ሐይቅ ነውና። ኮሌራ ከተማዋን ደጋግሞ ከፈጀ በኋላ ተራራ ፈልፍለው ቦይ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ንግሥት ቪክቶሪያ መርቃ ከፈተችው። ያለ ፓምፕ፣ በመሬቱ ቁልቁለት ብቻ፣ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይወርዳል።

ከስተርሊንግ ካላንደር በአውቶቡስ፣ የቀረውን በታክሲ ሄድኩ። የሐይቁን ሰሜን ዳርቻ ይዞ የሚሄደው መንገድ ጭር ያለ ነው። የቤን ቬኑ ተራራ አናት ላይ በረዶ አለ። የበርች ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም፤ ጫፍ ጫፋቸው ግን ወይን ጠጅ መስሏል። ከመንገዱ ዳር ካቆረ ውሃ ውስጥ የእንቁራሪት እንቁላል አየሁ፤ ልክ ተዘፍዝፎ እንዳደረ ተልባ ዝልግልግ ያለ፣ በየመሃሉ ጥቁር ነጥብ። ቁጢጥ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

እዚያው እንዳለሁ ከኋላዬ መኪና መጣ። ልቤ ድንግጥ አለ። «ማን ፈቀደልሽ? ወረቀትሽስ?» የሚሉኝ መስሎኝ እጄ መታወቂያዬን ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። ይህን ድንጋጤ እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሹፌሩ ፈገግ ብሎ እጁን አንሥቶልኝ አለፈ።

ወገኖቼ፣ የስኮትላንድ የ2003ቱ (እ.ኤ.አ.) የመሬት ሕግ በገጠሩና በሐይቁ ዳር የመሄድን መብት የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ለዜጋ ብቻ አላለም። የሚጠይቀው ኃላፊነት ነው፤ የከፈትሽውን የግጦሽ በር መዝጋት፣ ከብት አለማስበርገግ፣ ቆሻሻ አለመጣል። ይህንማ ከእናቶቻችን ተምረናል።

የፊታችን ቅዳሜ ደግሜ እሄዳለሁ። ብቻችሁን መሄድ የምትፈሩ፣ በተለይ እናቶች፣ ጠዋት 2 ሰዓት ኩዊን ስትሪት ባቡር ጣቢያ በር ላይ ታገኙኛላችሁ። ቆሎውን እኔ እይዛለሁ። ውሃ የማያስገባ ጫማ አድርጋችሁ ኑ።