አረንጓዴ ውሃ ማፍላት አያድነንም

እንደምን ዋላችሁ የእድራችን አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞች። ሰዓት ስለሰጣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

እንቦጭን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስንነቅለው ወገባችን ተቆርጧል። ዛሬ የማወራው ግን አንድ በአንድ በአይን ስለማይታይ፣ ሲበዛ ብቻ የጣናን ዳር የጎመን ጭማቂ የተደፋበት ስለሚያስመስለው ነገር ነው። ሳያኖባክቴሪያ ወይ ብሉ ግሪን አልጌ ይሉታል። ሙቀት ሲያገኝ፣ ጎርፉም ከማሳ ማዳበሪያ ሲያመጣለት ይራባል፣ ነፋሱ ደግሞ ሰብስቦ ዳር ያመጣዋል፣ ልክ ጀሪካን የምንነክርበትና ልጆቻችን የሚዋኙበት ቦታ ማለት ነው።

አንዳንዱ ዘሩ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ሰው ሲጠጣው ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። እኛ ታዲያ አሜባ ነው ጃርዲያ ነው እያልን ኪኒን እንውጣለን፣ ኪኒኑ ግን ተህዋሱን እንጂ መርዙን አይነካም። መርዙ ደግሞ አንጀት ላይ አይቆምም፣ በደም ተጭኖ ጉበት ይደርሳል፣ የሃሞት አሲድ በሚገባበት በር ሾልኮ ሴሉ ውስጥ ይገባና ቅርጹን የያዘውን ማገር ያፈርሰዋል፣ ብዙ ከሆነ ጉበት እስከመድማት ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁልጊዜ ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፣ የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው፣ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስቡት።

እናቴ "ካፈላሽው ምን ይሆናል" ስትለኝ ነው ያደግኩት። ለጀርም እውነቷን ነው። ይሄ መርዝ ግን በፈላ ውሃ አይጠፋም፣ እንደውም የአልጌው ሴል ሲፈነዳ የያዘውን ሁሉ ውሃው ላይ ይለቀዋል። እንደ ፈረንጅ በ2014 አሜሪካ ቶሌዶ የሚባል ከተማ ውስጥ ይሄው መርዝ ቧንቧ ውስጥ ሲገኝ ህዝቡ አትጠጡ፣ አፍልታችሁም አትጠጡ ነው የተባለው።

ዓሣ ላይም፣ መርዙ የሚበዛው ሆድቃውና ጉበቱ ላይ ስለሆነ ቀረሶውን ስትበልቱ አንጀቱን ሳትበሱ አውጡት፣ ለውሻም አትስጡት።

እቤት የምትሞክሩት ነገር አለ። ንጹህ የሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ውሃውን ቅዱና ሳትነቀንቁት አሳድሩት። ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ተንሳፎ ካገኛችሁት ያንን ውሃ ለሰውም ለከብትም አትስጡ፣ እንዲህ አይነቱ አልጌ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ነው የሚንሳፈፈው። ባይንሳፈፍም ግን አረንጓዴ ከሆነ ተዉት፣ ቧንቧው ሩቅ ቢሆንም ከዛው ቅዱ። የጠጣ ልጅ ካስመለሰውና ካስቀመጠው ኦአርኤስ እየሰጣችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ውሃው አረንጓዴ እንደነበረም ንገሯቸው።

እስቲ አሁን ከዳር ቀድቶ የሚጠጣ ማን እንደሆነ እጁን ያውጣልኝ፣ ለመውቀስ አይደለም፣ ከየትኛው በኩል እንደምትቀዱ አብረን ሄደን እንድናይ ነው።