የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ለአእምሮ ሕሙማን ቤተሰቦች የሚዋጣ ገንዘብ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች የመጡት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች ነው። መልሱን የሰጡን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ናቸው።

ከኮዬ ፈጬ፣ የዕድር ጸሐፊ፦ በሰፈራችን የአእምሮ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ቤተሰቦች አሉ። ገንዘብ አዋጥተን እነሱን ለመደገፍና ነዋሪውን ለማስተማር አስበናል። ኮሚቴው አዳራሽ ተከራይተን፣ ቲሸርት አሳትመን ትልቅ ዝግጅት እናድርግ ይላል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ቲሸርቱ ይቅርባችሁ። እንዲህ ያለ ዝግጅት ከሚሰበስበው የሚያወጣው ሊበልጥ ይችላል፤ በማግስቱም አስታማሚዋ እናት ያው ብቻዋን ናት። የእሷን ወጪ አስቡት፦ ከኮዬ ፈጬ ተነስታ መርካቶ አጠገብ እስካለው አማኑኤል ሆስፒታል የሁለት ሰው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ በዚያ ላይ ሥራ የቀረችበት ቀን ገቢ። በየወሩ መርፌ ለሚወጋ ታካሚ ይህ ወጪ በየወሩ ይመለሳል። የቀጠሮ ካርድ ስናገላብጥ የምናየው ክፍተት ሁሉ ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም፤ የታክሲ ገንዘብ ስለጠፋ የቀረ ቀጠሮ ብዙ ነው። መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ሕመሙ ያገረሻል።

ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ቋሚ መዋጮ ይሻላል። ዕድር ድንኳን የሚተክለው ሰው ሲሞት ነው፤ በሕይወት ያለ ታማሚ እንዲረዳ መተዳደሪያ ደንቡን በጠቅላላ ጉባኤ አሻሽሉና በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ገንዘቡ በተለየ የባንክ ሒሳብ፣ ቢያንስ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ። ሒሳቡ ለአባላት ሲነበብ ግን የተረዳው ቤተሰብ ስም አይጠራ፤ ድምሩ ይበቃል።

ለትምህርቱ አዳራሽ አያስፈልግም። መዋጮ በሚከፈልበት እሑድ፣ በጤና ጣቢያችሁ በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ ካለ ለግማሽ ሰዓት ጋብዙት። እንቅልፍ ማጣት፣ ሰውን መጠራጠር፣ ራስን ማግለል የማገርሸት ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ ያስረዳ። ቤተሰብ ስለ ሕመሙ በሚገባ ሲማር ማገርሸት እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው። ለአስታማሚዎች ደግሞ ለብቻቸው ቡና ይፈላላቸው። እዚያ የሚነገረውን ኮሚቴው ባይሰማው ይመረጣል።

ከለገጣፎ፣ ወጣት፦ ጎረቤታችን በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ልጅ አለ። ቪዲዮ ቀርጸን ብናሰራጨው የሚረዳበት ገንዘብ በአንድ ቀን ይሞላል። ቪዲዮውን እንልቀቀው?

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። ልጁ ነገ ሲሻለው ሥራ ይፈልጋል፣ ትዳር ይፈልጋል፤ ቪዲዮው ግን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ይኖራል። እናቱ ብትፈቅድም የእሱ ፈቃድ አይሆንም። ቤተሰቡንም በጨካኝነት አትፈርጁት፤ የሚያስሩት አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ መኪና እንዳይገጨው ወይም ሰው እንዳይጎዳ ፈርተው ነው። ሰንሰለቱ እንዲፈታ ሕክምና ያስፈልጋል። ሁለት ጎልማሶች አብረዋቸው ሆስፒታል ይሂዱ፣ የመኪናውንም ዋጋ እናንተ ቻሉ። ይህን ለማዋጣት የልጁ ፊት መታየት የለበትም።

ከአሸዋ ሜዳ፣ እናት፦ ዕድራችን ልጄን ጸበል የምወስድበት ገንዘብ ሊሰጠኝ ነው። መድኃኒቱን ላስቁመው?

መልስ፦ አያስቁሙት፣ እናቴ። ጸበሉም ይቀጥል፣ መድኃኒቱም ይቀጥል፤ ክኒኑን በጸበሉ የሚውጡ አሉ። ጾም ከያዘ የሚወስድበትን ሰዓት ሐኪሙ ያስተካክልልዎታል። ከመሄድዎ በፊት መድኃኒቱ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ይቁጠሩ፤ ቀጠሮው በጉዞው መካከል የሚውል ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ወደ ሐኪሙ ይሂዱ።