ቧንቧ ፈንድቶ ቆጣሪውን ዘግታችሁ ውሃው አልቆም ካለ

[ጨለማ ኩሽና፣ የስልክ መብራት፣ የሚረጭ ውሃ ድምፅ]

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ነበርኩ፣ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ የሰፈሩ ፈረቃ ደርሶ ውሃ መጣ፣ አዲስ አበባ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ውሃ ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ ያንኳኳል ያስላል አየር ይተፋል ከዛ ነው ውሃው የሚከተለው። የዛን ሌሊት ግን ከማንኳኳቱ በኋላ ጧ አለ። ተነስቼ ሳይ ከሲንኩ ስር ግድግዳው ጋር ያለው ቧንቧ ተሰንጥቆ ውሃው እየተረጨ ነው፣ ሮጬ ግቢ ወጣሁና የቆጣሪውን ቫልቭ እስከመጨረሻው ዘጋሁት፣ ተመልሼ ስገባ ውሃው እንዳለ ነው። እናቴ ቧንቧውን በጨርቅ አፍና ይዛ "ዘጋኸው ወይስ አልዘጋኸውም?" ትለኛለች፣ ዘግቼዋለሁ እላታለሁ፣ ውሃው ግን ይፈሳል። ጎረቤታችን ጋሼ ጩኸታችንን ሰምተው መጡና በር ላይ እንደቆሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ "ሮቶውንስ?"

[ካሜራ ከቆጣሪው ተነስቶ ጣራ ላይ ወዳለው ሮቶ ይወጣል]

አያችሁ፣ እኛ ጋር ብዙ ቤት ውሃ የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ በቆጣሪ በኩል የሚመጣው የመስመር ውሃ ነው፣ ሌላው ደሞ ለማይመጣበት ቀን ብለን ሮቶ ውስጥ ያጠራቀምነው። ቆጣሪውን ስትዘጉ አዲስ ውሃ እንዳይገባ ነው ያደረጋችሁት፣ ላይ የተቀመጠው 1,000 ሊትር ግን በራሱ ክብደት ወደታች መውረዱን አያቆምም። ስለዚ ሁለት ቫልቭ ነው የሚዘጋው፣ የቆጣሪው እና ከሮቶው ስር ወደ ቤት የሚወርደው መስመር ላይ ያለው። ሮቶ ላይ ሁለት ቧንቧ ታያላችሁ፣ ከላይ በኩል የሚገባው መሙያው ነው፣ ከታች በኩል የሚወጣው ነው ወደ ቤት የሚሄደው፣ የምትዘጉት የታችኛውን ነው።

ዳይናሞ ያላችሁ ደሞ ሶስተኛ ነገር አለባችሁ። ብዙዎቹ ዳይናሞዎች ግፊት ሲቀንስ በራሳቸው የሚነሱ ናቸው፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዳይናሞው ሰው ቧንቧ የከፈተ ይመስለውና ተነስቶ ውሃውን ወደ ስንጥቁ ይገፋዋል። ስለዚ ከሶኬቱ ንቀሉት።

ሲንክ ወይም ሽንት ቤት ጋር ያለችው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ፍሌክሲብል የምንላት፣ ብቻ ከሆነች የፈነዳችው ይሄ ሁሉ ሩጫ አያስፈልግም፣ እሷ የምትነሳበት ግድግዳው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች፣ እሷን ወደ ቀኝ አዙራችሁ መዝጋት ነው።

[ካሜራ መሬት ላይ ወዳለ ዲቫይደር]

እዚ ጋር ግን አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ። ውሃው ወደ ሶኬት ወይም መሬት ላይ ወደተቀመጠ ዲቫይደር እየሄደ ከሆነ ከቫልቩም በፊት መብራቱን ከዋናው ብሬከር አጥፉ፣ 220 ቮልት ነው፣ እርጥብ እግር ላይ አይቀልድም። ብሬከሩ ጋር ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ካለባችሁ ወይ ብሬከሩ ራሱ ከረጠበ አትንኩት፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና መብራት ኃይል ደውሉ፣ ምንጣፍና ሶፋ ይተካል። ቦይለሩንም አጥፉ፣ ውሃው ጎድሎ ባዶውን ከሰራ ማሞቂያው ይቃጠላል።

ቫልቮቹን ከዘጋችሁ በኋላ ቤት ውስጥ ዝቅ ብሎ ያለውን ቧንቧ ክፈቱና መስመሩ ውስጥ የቀረውን ውሃ በባልዲ በሳፋ በጄሪካን ተቀበሉት፣ ፈረቃ ላለበት ቤት ያም ውሃ እቃ ማጠቢያ ይሆናል። የሮቶው ቫልቭ ዝጎ አልዘጋም ካለ ወይም ጣራ ላይ ስለሆነ ካልደረሳችሁበትም እንደዚሁ አድርጉ፣ የግቢውን ቧንቧ እስከመጨረሻው ክፈቱት፣ ውሃው በብዛት በዛ በኩል ስለሚወጣ ስንጥቁ ላይ ያለው ግፊት ይቀንሳል። የዛገ ቫልቭ በመፍቻ አታስገድዱ፣ አንገቱ ከተሰበረ ችግሩ ሁለት ሆነ ማለት ነው፣ ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ እያላችሁ አለማምዱት። በሌሊት እርጥብ ጣራ ላይ መውጣት ደሞ በፍፁም፣ እባካችሁ።

ስንጥቁ ትንሽ ስለሆነ ይደር የምትሉ ካላችሁ አንድ ሂሳብ ልንገራችሁ። ሮቶው ከቀዳዳው 10 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ካለ 3 ሚሊሜትር በምትሆን ቀዳዳ በሰዓት 200 ሊትር ገደማ ይወጣል፣ 10 ጄሪካን ማለት ነው፣ በ5 ሰዓት ውስጥ ሮቶው ባዶ ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ደሞ ውሃ ከግድግዳው ስር ሲተኛ ጭቃው ከስር እየራሰ ይናዳል፣ ስለዚ መጀመሪያ ከግድግዳው ስር ያለውን ውሃ ነው ወደ በር መጥረግ። ኮርኒሱ ውሃ ተሸክሞ ካበጠ ስሩ አትቁሙ፣ ችፑድ ሲርስ በአንዴ ነው የሚወርደው። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ከታች ያለውን ጎረቤት ቀስቅሱ፣ ሌሊት ነው ምናምን ብላችሁ አትፈሩ፣ ጠዋት ቲቪው ላይ ሲንጠባጠብ ከሚያገኘው ይሻለዋል።

[ካሜራ የተሰነጠቀ ቧንቧ ላይ ጎማ ሲጠመጠም]

ባለሙያ እስኪመጣ ጊዜያዊ መፍትሄ ከፈለጋችሁ ጎሚስታ ጋር ያረጀ ከለመዳሪ ለምኑ፣ የጎማው የውስጠኛው ማለቴ ነው፣ እንደ መቀነት ቀዳችሁ ከስንጥቁ አራት ጣት ቀደም ብላችሁ ጀምሩና እየወጠራችሁ እየደራረባችሁ ጠምጥሙት፣ ከዛ በሽቦ ወይም በካቻቢቴ በሚጠብቅ የቱቦ ማሰሪያ እሰሩት። ቴፍሎን ስንጥቅ ላይ አይሰራም፣ ቴፍሎን ለጥርስ ነው፣ ማለትም ቧንቧው ለሚታሰርበት ቦታ።

ባለሙያው ሲመጣ አጠገቡ ቁሙ። ቧንቧው ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ በማጣበቂያ አይያዝም፣ በማሽን በ260 ዲግሪ አሙቆ ነው የሚበየደው፣ 20 ሚሊሜትሩ 5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፣ ብየዳውም ደረቅ መሆን አለበት፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት ከበየደው በሳምንቱ ያፈሳል። እናቴ ቤት መጀመሪያ የመጣው ልጅ ማሽን አልያዝኩም ብሎ ቧንቧውን ቡታጋዝ ላይ ሊያሞቀው ነበር፣ አመስግነን ሸኘነው። የድሮ ብረት ቧንቧ ከሆነ ደሞ አንድ ቦታ ዝጎ ከተበሳ አጠገቡ ያለውም ሳስቷል፣ ቁራጩን ሳይሆን መስመሩን ቀይሩ።

[ካሜራ ወደ ቆጣሪው ይመለሳል]

አሁን ለምን ሌሊት እንደሚፈነዳ ልንገራችሁ፣ እኔ ካወቅኩት በኋላ ነው እንቅልፍ የተኛሁት። ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል፣ ውሃው ሲመለስ ያንን አየር እየገፋ በፍጥነት ይመጣና የተዘጋ ቦታ ሲደርስ በአንዴ ይቆማል፣ የምትሰሙት ኳኳታ ያ ምት ነው። ሌሊት ደሞ የሚጠቀም ሰው ስለሌለ ግፊቱ ከቀኑ ይበልጣል፣ ያረጀ መገጣጠሚያ እዛ ጋር ነው እጅ የሚሰጠው። መፍትሄው ብር አይፈልግም። ውሃ በሌለበት ቀን የቆጣሪውን ቫልቭ ትንሽ ብቻ ከፍታችሁ ተዉት፣ ውሃው ቀስ ብሎ ይገባል አየሩም ቀስ ብሎ ይወጣል። ከጥገና በኋላም ስትከፍቱ እንደዛው፣ ከፍ ብሎ ያለውን ቧንቧ ከፍታችሁ ቫልቩን ሩብ ሩብ እያላችሁ፣ ማስነጠሱ ሲያቆም ቧንቧውን ዝጉ።

ከዛ የቆጣሪውን ቫልቭ ክፍት ትታችሁ የሮቶውን መሙያ ጨምሮ ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ባለጥርስ ክብ እዩ፣ የምትዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ገና እያፈሰሰ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቆጣሪዎቹ ተደርድረው ስለሚቀመጡ የቆጣሪውን ቁጥር ከቢላችሁ ጋር አመሳክሩ፣ ሳጥኑ ቁልፍ ካለው ማን ጋር እንዳለ ዛሬ ጠይቁ።

እናቴ ቤት በማግስቱ ቀይ ቀለም ገዛሁና ከሁለቱ ቫልቮች አንዱ ላይ "መስመር" አንዱ ላይ "ሮቶ" ብዬ ፃፍኩባቸው፣ ከዛ እሷ ራሷ ሁለቱንም ዘግታ ከፍታ አሳየችኝ።