ስሙን የማላውቀውን ሙዚቃ ምን ብዬ ልፈልገው?

እንደምን አመሻችሁ!

የጣቢያው ኃላፊዎች፣ የቦርድ አባላት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሥራ ወጥታችሁ ድካማችሁን ሳትቆጥሩ የመጣችሁ አድማጮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ኖታ አላነብም። አድማጭ ነኝ፣ በቃ። ስናገር ስሜት ካሸነፈኝ ግን ይቅር በሉኝ፣ ነገሩ ውስጤን ስለነካኝ ነው።

ጉዳዩን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ጣቢያችን የክላሲካል ሙዚቃ ሰዓቱን ሊቀንስ ነው። የቀኑ ሰዓት ለዜናና ለውይይት ይሰጣል፣ የማታው ያጥራል፣ የተረፈው ወደ ኢንተርኔት ይዛወራል ተብለናል። "ሙዚቃው አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው፣ የፈለገ ሰው ያገኘዋል" የሚል ማብራሪያም ተሰጥቶናል። እኔ ዛሬ የመጣሁት "የፈለገ ሰው" የምትለዋን ቃል ይዤ ነው።

ብዙ ዓመት የሌሊት ሾፌር ነበርኩ። ከእንቅልፍ ጋር ስታገል የሚያነቃኝ ሬዲዮ ነው። አንድ ሌሊት ዜናው አልቆ ሌላ ጣቢያ ልፈልግ እጄን ስዘረጋ አንድ ድምፅ ወጣ። አንድ መሣሪያ ብቻ። አጃቢ የለው፣ ዘፋኝ የለው። ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ሲያልቅ አቅራቢዋ በዝግታ ነገረችን፦ መሣሪያው ቼሎ ነው፣ ቁጭ ብለው የሚጫወቱት ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ፣ ሙዚቃው ደግሞ የጀርመኑ አቀናባሪ ባኽ ለቼሎ ብቻ ከጻፋቸው 6 ስዊቶች (በተከታታይ የሚቀርቡ አጫጭር ሙዚቃዎች ስብስብ) አንዱ ነው። ቀጥላ ስለ ታዋቂው የቼሎ ተጫዋች ስለ ፓብሎ ካሳልስ አወራችን። ካሳልስ በ13 ዓመቱ ባርሴሎና ውስጥ አንድ አሮጌ ኖታ የሚሸጥበት መደብር ገብቶ የእነዚህን ስዊቶች ኖታ አገኘ፣ ሰው ፊት ወጥቶ ለመጫወት የደፈረው ግን 12 ዓመት ያህል ከተለማመደ በኋላ ነው። 12 ዓመት! ይሄን ሁሉ የነገረችን ሁለት ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ ያን ሌሊት እኔ "የፈለገ ሰው" ነበርኩ? አልነበርኩም። ቼሎ የሚለውን ቃል እንኳ አላውቅም ነበር። ስልክ አውጥቼ ምን ብዬ ልጽፍ? ስሙን የማያውቁትን ነገር መፈለግ አይቻልም። የስልኩ የሙዚቃ አፕ የሚሰጠኝ ትናንት የሰማሁትን የሚመስል ነገር ነው። ሬዲዮ ግን ያላዘዝኩትን ሰጠኝ። እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ የዚህ ጣቢያ መዋጮ ከፋይ ሆንኩ፣ እስከ ዛሬም አላቋረጥኩም።

የጣቢያው ኃላፊዎች ጨካኝ ስለሆኑ ነው የሚቀንሱት አልልም። የገንዘቡ ነገር እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮንግረስ በ2025 ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ገንዘቡን ለጣቢያዎች ሲያከፋፍል የነበረው ከ1967ቱ ሕግ ጀምሮ የኖረው ኮርፖሬሽንም በዚያው ሰሞን ሥራውን ሊያቆም መሆኑን አሳወቀ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሲከፈት ማንም ሥራ አስኪያጅ መቀስ ያነሳል። ዜናም ያስፈልጋል። ጠዋት ዜና ሳልሰማ ከቤት አልወጣም፣ ዜና ይጥፋ የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ግን መቀሱ ሁልጊዜ ለምን እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል? አንድ ዜና ክፍል ሪፖርተር ይፈልጋል፣ አርታኢ ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል። የማታው የሙዚቃ ፕሮግራማችን አንዲት አቅራቢና አንድ ቴክኒሻን ነው ያለው። የሚተርፈው ገንዘብ ስንት እንደሆነ እስካሁን አልተነገረንም። ቁጥሩን አሳዩን። ቁጥሩን አይተን "አዎ፣ ሌላ መንገድ የለም" ማለት የምንችል ትልልቅ ሰዎች ነን።

ከዚህ በፊት የሞከሩትን ደግሞ እንይ። የዋሽንግተኑ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ ዌታ በ2005 ክላሲካልን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ዜናና ውይይት ገባ። በ2007 የከተማው የንግድ ክላሲካል ጣቢያ በተራው ሙዚቃውን ሲተው ዌታ ወደ ክላሲካል ተመለሰ። ሁለት ዓመት! እዚያ መመለስ ተችሏል። ካናዳ ግን ሌላ ሆነ። የአገሪቱ የሕዝብ ሬዲዮ ሲቢሲ በ2008 የሁለተኛ ጣቢያውን ክላሲካል ሰብስቦ በአብዛኛው ሰው ሥራ ላይ በሚሆንበት በቀኑ ሰዓት ወሰነው። ሕዝቡ በየከተማው አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ፣ አልሰሙትም። በዚያው ዓመት ከ1938 ጀምሮ የነበረውን የሬዲዮውን ኦርኬስትራ በተኑት። በሰሜን አሜሪካ የቀረው የመጨረሻው የሬዲዮ ኦርኬስትራ እሱ ነበር። የአየር ሰዓት ነገ ይመለሳል፣ ጸሐፊ ቁጭ ብሎ ሰሌዳውን ይቀይረዋል። አብሮ መተንፈስ የለመደ 40 እና 50 ሙዚቀኛ አንዴ ከተበተነ ግን ማን መልሶ ይሰበስበዋል?

ሰው ሲጮህ የሚሰማበት ጊዜም አለ። ቢቢሲ በ2023 ከ1924 ጀምሮ የነበረውን የቢቢሲ ሲንገርስን የመዘምራን ቡድን ሊዘጋ መሆኑን አስታወቀ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ፣ ሙዚቀኞች ተነሱ፣ ውሳኔው በሳምንታት ውስጥ ቆመ። እኛ ዛሬ እዚህ የተቀመጥነውም ለዚሁ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ቅር የሚላችሁ ነገር ልናገር። እንዲያው በሐቅ ከተነጋገርን፣ ቅነሳው የጀመረው ዛሬ አይደለም። በብዙ ጣቢያዎች፣ በእኛም ጭምር፣ ሙዚቃው ከውስጥ መቆራረስ ከጀመረ ቆይቷል። አራት ክፍል ያለው ሲምፎኒ፣ ማለትም ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ፣ ተቆርጦ አንዱ ክፍል ብቻ ይቀርባል። ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚዘምርበት ሥራ "ቢሮ ውስጥ ይረብሻል" ተብሎ ቀን ላይ አይገባም። በሕይወት ያሉ አቀናባሪዎች ከስንት አንዴ ነው የሚሰሙት። "ዘና ይበሉ፣ ይረጋጉ" እያልን ሙዚቃውን እንደ እንቅልፍ ኪኒን ሸጥነው። የቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ጨለማ አለበት፣ ንዴት አለበት፣ መዘምራኑ የሚገቡት መጨረሻው ክፍል ላይ ነው፣ እና ያ መዝሙር ሰውን ብድግ የሚያደርገው ያን ሁሉ መንገድ አብረኸው ስለሄድክ ነው። መጨረሻውን ብቻ ቆርጠህ ከሰጠኸኝ የሰጠኸኝ ማስታወቂያ ነው። ከዚያ "አድማጭ ቀነሰ" ስንባል እንገረማለን።

ሌሊት ሌሊትማ ብዙ ጣቢያ ውስጥ ሰው የለም። ከአንድ ማዕከል የሚሠራጭ ፕሮግራም በርካታ ከተሞች ላይ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሥራቸውን አልንቅም፣ ጥሩ ጥሩ አቅራቢዎች አሉበት። ግን ያ አቅራቢ እዚህ ዝናብ እየዘነበ መሆኑን አያውቅም። የእኛ ኦርኬስትራ ቅዳሜ ምን እንደሚጫወት አያውቅም። የእኛን ኮንሰርት የሚቀዳው የእኛው ጣቢያ ነው፣ እሱ ካልቀዳው ሁለት ሰዓት ተጫውተው ጭብጨባው ሲያልቅ በቃ፣ የትም የለም።

ቲኬት መግዛት የማይችለውን ሰውም አስቡት። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ከ1931 ጀምሮ በሬዲዮ ይተላለፋል። በሕይወቱ አንድም ቀን ኦፔራ ቤት ያልረገጠ ሰው በየቅዳሜው ከሳሎኑ ሆኖ ሰምቶታል። ምን ለብሼ ልግባ አላለም፣ የት ላይ ላጨብጭብ ብሎ አልተጨነቀም። ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለች ሴት፣ በር ላይ የሚያድር ጥበቃ፣ ዓይናቸው ደክሞ የስልክ ስክሪን የማያነቡ አባት፣ እነዚህን ሁሉ "ወደ ኢንተርኔት ሂዱ" ስንላቸው በሩን ዘጋንባቸው ማለት ነው። ሬዲዮ እኮ አንድ ቁልፍ ነው። ይለፍ ቃል የለው፣ ዳታ አይበላ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ፕሮግራም በኤፍ ኤም ይቆይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ተቀምጦ ያቅርበው። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ እንስማ። የእኛ ኦርኬስትራ ኮንሰርቶች መቀዳታቸው ይቀጥል። የቀኑን ሰዓት ለዜና ከሰጣችሁ፣ እሺ፣ ያማል ግን እንችለዋለን። መዋጮ ስንከፍል ደግሞ "ይሄ ለሙዚቃው ነው" ብለን ምልክት የምናደርግበት ቦታ ቅጹ ላይ ይግባ፣ ስንት ሰው ለዚህ ሙዚቃ ከኪሱ እንደሚያወጣ ያን ጊዜ እናንተም እኛም እናየዋለን።

ይሄ ጥያቄ በጽሑፍ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ። ያልፈረማችሁ ስትወጡ ፈርሙ። የቦርዱ ሰብሳቢ አሁኑኑ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል፣ ስለዚህ ማይኩን ለእሳቸው አሳልፋለሁ።

አመሰግናለሁ።