«በረዶው ቆንጆ ነው» ብላችሁ አትጻፉብኝ፤ በረዶ በጋገረው ሐይቅ ላይ ዓሣ በሚያጠምደው የኮሎራዶ ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! የተከበራችሁ አባላት፣ ባለቤቶቻችሁ፣ ልጆች፣ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ምግቡን ላዘጋጃችሁልን እህቶች፣ አዳራሹን በግማሽ ዋጋ ለሰጡን፣ ስፒከሩን ለተሸከመው ልጅ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ስም መጥራት ከጀመርኩ አንዱን ረስቼ ዓመት ሙሉ ስለምኮረፍ እዚህ ላይ ላቁመው።

የሠራነውን ጸሐፊያችን በዝርዝር ያነበዋል። በአጭሩ በባትሪ የሚሠራ የበረዶ መሰርሰሪያ ገዛን፣ ድንኳን ሁለት አለን (አንዱን ሁሌ የምንሄድበት ጆርጅታውን ሐይቅ ላይ ነፋስ ይዞት ሲበር አሯሩጦናል፣ ዚፑ ሄዷል)፣ ስድስት ልጆች መንጠቆ ማሰር ተምረዋል፣ በገና ጾም ለጥቂት አዛውንቶች ዓሣ አድርሰናል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ዛሬ አይነሳ፣ አምና ተነስቶ ሁለት ሰዓት በልቶብናል፣ ለየንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

አሁን ሆዴ ውስጥ የከረመውን ልናገር።

ባለፈው ዲሴምበር፣ የመጀመሪያው ጉዟችን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ማታ ቴሌግራም ላይ «ሐይቁን ያየው አለ?» ብዬ ጻፍኩ። ዝም። ከዛ አንድ ወንድማችን ለሥራ ሐይቁ አጠገብ በሚያልፈው አይ-70 አውራ ጎዳና ሲሄድ ከመኪናው አይቶ «በረዶው ወፍራም ነው፣ ቆንጆ ነው» ብሎ ጻፈ። ሠላሳ ምናምን ሰው ላይክ አደረገ። ልብ በሉ፣ ሰውየው አልዋሸም! እሱ ያየው ስኖው ነው፣ እኛ ያነበብነው አይስ ነው። የኛ ቋንቋ ሁለቱንም በረዶ ነው የሚላቸው፣ ከሰማይ የሚወርደውንም ሐይቅ ላይ የሚጋገረውንም፣ ምክንያቱም እኛ ያደግንበት ቦታ ሐይቅ ላይ ቆሞ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የለም፣ ደብረ ብርሃን እንኳን ከጆርጅታውን ሐይቅ ከፍ ትላለች ግን ውኃዋ አይጋገርም። (አንድ አባል ስኖውን አመዳይ እንበለው ብሎ ነበር፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ራሱም አንዴ አልተጠቀመበትም።)

ቅዳሜ ንጋት ላይ አሥራ አንድ ሰው መጣ፣ አንድ ሕፃን ጨምሮ። ዳር ላይ ሰረሰርኩ። ከላይ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ አመዳይ፣ ከሥር ሁለት ጣት አይስ። ሁለት ጣት! ለሰው መቆሚያ የሚባለው ቢያንስ አራት ኢንች ነው፣ ያውም ጥርት ያለ አይስ ከሆነ፣ ነጭ ነጭ የሚለውማ ጥንካሬው ግማሽ ስለሆነ እጥፍ ያስፈልገዋል። ደጋግሜ እላለሁ፣ ስኖው ለሐይቁ ጋቢ ነው፣ ቀድሞ ከለበሰው ብርዱ ወደ ውኃው አይገባም፣ አይሱም አይወፍርም። ስለዚህ ከላይ ወፍራም ካያችሁ ከሥር ቀጭን ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ግልባጩ ነው እንግዲህ።

ተመለሱ አልኩ። «ኦፍ ወስጄ ነው የመጣሁት» ያለኝ አለ፣ «ሊቀመንበሩ ፈሪ ነው» ያለም አለ፣ ሰምቼዋለሁ። አንዱ ወንድማችን ደግሞ ጭራሽ ክሊር ክሪክ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ጋ ሄደ፣ ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ውኃው ስለሚንቀሳቀስ ሁሌም ቀጭን ነው፣ እግሩ እስከ ታፋው ገባ። በገመድ ጎትተን አወጣነው፣ ተመስገን፣ ጫማው ግን እዛው ቀርቷል።

ከዛ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ ነው እኔን የጨረሰኝ። ግማሹ ሐሙስ ለምን አልሰረዝክም ይላል፣ ግማሹ ቅዳሜ ለምን ሰረዝክ ይላል። እሺ፣ ጥፋት አለብኝ፣ ዓርብ ራሴ ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ግን እናንተስ? 52 አባል ነን። በየሳምንቱ ሁለት ሰው ሄዶ በረዶውን ሰርስሮ፣ ለክቶ፣ ፎቶ እንዲልክ ተራ አወጣን፣ ለ13 ሳምንት 26 ቦታ ማለት ነው፣ አሥራ ዘጠኙን የሸፈንነው ሦስት ሰዎች ነን። ሦስት! ከአውሮራ አንድ ሰዓት መንገድ ነው እኮ፣ ለቡና ከዛ በላይ ትቀመጣላችሁ።

በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው። አይሱ ከስንዝር በላይ ሆኖ እንደ መስታወት ጠርቷል፣ ያ ሰው የሚጥለው ነፋስ የለም፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ቀንዳሞቹ የተራራ በጎች ገደሉ ላይ ቆመው ያዩናል፣ ለክቼ ፎቶ ከነማስመሪያው ላኩ፣ አራት ሰው መጣ። ሌላው ዲሴምበር ላይ ደንግጦ ቀረ፣ ወይ ተኛ። ትራውት የሚባለው ዓሣ ግን አልተኛም። ከሥር ውኃው አራት ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ዓሣው ይኖራል፣ ብቻ ቀዝቅዞታል፣ ትንሽ ነው የሚበላው፣ ሩቅም አያሳድድም፣ ስለዚህ ጥልቁን ትተን ከዳር ብዙ ሳንርቅ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ውኃ ላይ፣ ትንሽ መንጠቆ በትንሽ ትል፣ ቀስ... ነቅነቅ፣ ዝም። ገና ሲነጋ ሬይንቦው የሚባለው ትራውት መጣ። ጎባ ያደጉት ጋሼ፣ በልጅነታቸው ወብ ወንዝ ላይ ትራውት ያወጡ ሰው ናቸው፣ እንደ ልጅ እየሳቁ በቀን የተፈቀደላቸውን አራቱን ከሁላችን ቀድመው ሞሉ። ያንን ሳቅ ባታዩ ነው የሚያሳዝነኝ።

ዛሬም የቀራችሁ አላችሁ። ቪዲዮው ሲለቀቅ ታዩታላችሁና፣ አንተ ሚኒቫን ያለህ ወንድሜ፣ ባለፈው ገና ዓሣው ሲጠበስ ከፊት ተሰልፈህ ሁለቴ ተነስተሃል፣ ሐይቁን ግን አንዴም አላየኸውም። አልተጣላንም፣ ግን ናፍቀኸኛል፣ መኪናህም ናፍቃኛለች፣ ድንኳኑ ሌላ መኪና ውስጥ አይገባም።

ለዘንድሮ፦ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያላወጣችሁ አውጡ፣ ያለው እስከ ማርች 31 ያገለግላል። ጎማችሁን አሳዩ፣ አይ-70 ላይ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ የጎማ ሕግ አለ። ቴሌግራም ላይ «በረዶ» የሚለው ቃል ብቻውን አይጻፍ፣ ስኖው ወይ አይስ በሉ፣ ስንት ኢንች፣ የት ጋ፣ ማን ለካው። ከመኪና መስኮት ያየ ሰው አስተያየት አይሰጥም።

የተራው ወረቀት ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እስክሪብቶም አለ። የዲሴምበር አራቱም ሳምንት ባዶ ነው። እህቶችን ለምኛቸዋለሁ፣ ስምንቱ ስም እስኪሞላ ድስቱ አይከፈትም።