500 ሜትሯ የት ገባች?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ወሬያችን በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል ስላለው ስለ አያት ሠፈር ነው። ከባቡር ወርዳችሁ ኮንዶሚኒየም የምትገቡ ሰዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ብሎኩ ፊት ለፊት ይታያል፣ በእግር ሲኬድ ግን አይደረስም።

የፕላን ባለሙያ ጣቢያውን መሃል አድርጎ 500 ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ይስላል። ወደ 78 ሄክታር መሬት ነው። ጤነኛ ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ስለሚራመድ፣ ከክቡ ዳር ጣቢያው ድረስ ስድስት ደቂቃ ከምናምን። ካርታው ላይ ያምራል። እግር ግን አጥርና ቦይ እየዞረ ነው የሚሄደው። መንገዱ ከቀጥታው 1.4 እጥፍ ከረዘመ፣ በዚያው ስድስት ደቂቃ የሚደረስበት መሬት በግማሽ ይቀንሳል፤ 40 ሄክታር ብቻ። የቀረው ሰው "ጣቢያ አጠገብ" የሚኖረው በወረቀት ነው።

የሚያዞረን ምንድነው? አንዱ ሐዲዱ ራሱ። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 39 ጣቢያ አለው፤ በብዙ ቦታ የመንገዱን መሃል ይዞ፣ ታጥሮ ነው የሚሄደው። መሻገሪያው ከራቀ ሰው በአጥሩ ይዘላል። አጥሩን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይመስለኝም፤ ሰው የሚዘልበት ቦታ መሻገሪያው መሆን የነበረበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው የሳይት፣ ማለትም የኮንዶሚኒየም ግቢው፣ አጥር ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። አሥር ብሎክ በአንድ በር! በሩ ደግሞ ለመኪና ተብሎ ከጣቢያው በተቃራኒ ይከፈታል። የሌባ ሥጋቱን አልንቀውም። ግን በጣቢያው በኩል አንድ ሜትር ተኩል የምትሆን የእግረኛ በር፣ መብራት ያላት፣ ከጥበቃው ቤት የምትታይ ብትከፈት ከአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ይበልጥ ትጠቅማለች።

አሁን ምድር ቤት እንግባ። "ቅይጥ አገልግሎት" ሲባል ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ማለት ነው፤ ነገሩ ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀረው ግን ግንባታው ላይ ነው። የሱቁ ወለል ከእግረኛ መንገዱ 60 ሳንቲ ከፍ ካለ አራት ደረጃ ያስፈልገዋል፤ ደረጃው እግረኛ መንገዱ ላይ ይወጣል፣ ሁለት ሜትሩ አንድ ይሆናል፣ የመብራት ምሰሶው ሲጨመርበት እግረኛው አስፋልት ላይ ነው። ወለሉና እግረኛ መንገዱ እኩል ይሁኑ። ሌላው፣ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ቤት ያለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ከባድ ሞተር የሚችል የመብራት መስመር፣ አይሠራም፤ ምግብ ቤት ያለ ፍሳሽ መስመርና ቅባት ማጥለያ ሠፈሩን ያገማዋል። እነዚህ ከመጀመሪያው ካልገቡ ኋላ ኮንክሪት መቦርቦር ነው።

ስፋቱም ቁም ነገር ነው። የኮንዶሚኒየም ንግድ ቤቶች በጨረታ ሲሸጡ ኖረዋል። በውድ የገዛ በውድ ነው የሚያከራየው። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ካሬ የሆኑ ትንንሽ ሱቆች በብዛት ቢኖሩ ልብስ ሰፊውም ጫማ አዳሹም ይገባል። ሽንኩርት በመደብ የሚሸጡትን የጉሊት እናቶች ግን ሱቅ አይሆናቸውም፤ ለእነሱ ከጣቢያው መውጫ አለፍ ብሎ ጥላና የውኃ ቧንቧ ያለው ቦታ ይተውላቸው። ደጃፉ ላይ ካደረጋችኋቸው ሰልፉ ከታክሲው ወረፋ ጋር ይጋጫል።

ልኩን ማወቅ የፈለገ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩን ይዞ ከጣቢያው እስከ ብሎኩ ደረጃ ይራመድ። ሰዓቱን ይቁጠር፣ የዞረበትንም ቦታ ሁሉ ካርታው ላይ ምልክት ያድርግበት። የመጀመሪያዋ በር የምትከፈተው እዚያ ነው።